ፀሐይ መሞቅና የሕፃናት ሳንባ፦ የአንድ ልማድ ታሪክ

ኢትዮጵያ «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» አገር ተብላ በዓለም እንድትታወቅ ያደረጉት የቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው። አባባሉ እውነትነት አለው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለተቆረቆረች የሚያርፍባት የፀሐይ ጨረር ከሰሜን አውሮፓ ከተሞች ጋር የሚወዳደር አይደለም። ይሁንና «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1997 ከዚችው ከተማ የተገኘ የሚያስደነግጥ ጥናት አተመ። ዶክተር ሉሉ ሙሄ፣ ዶክተር ስለሺ ሉልሰገድና ባልደረቦቻቸው በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል በሳንባ ምች የታመሙ፣ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ 500 ሕፃናትን የሳንባ ምች ከሌለባቸው ሌሎች 500 ሕፃናት ጋር አነጻጸሩ። ከታመሙት መካከል 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ከማነጻጸሪያዎቹ ግን 20ዎቹ ብቻ። ሪኬትስ የሕፃኑ አጥንት ሳይጠነክር የሚቀርበት፣ እግር የሚያጎብጥ፣ የጎድን አጥንት የሚያለሰልስ በሽታ ነው። ዋነኛ ምክንያቱ የቫይታሚን ዲ እጥረት ሲሆን፣ ይህን ቫይታሚን ሰውነት በአብዛኛው የሚሠራው ቆዳ ላይ ባረፈ ፀሐይ ነው። እንግዲህ ፀሐይ በማይጠፋበት ከተማ ፀሐይ ያጡ ሕፃናት በሳንባቸው ዋጋ ይከፍሉ ነበር ማለት ነው። ይህ እንዴት ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የአንድን ጥንታዊ ልማድ፣ ማለትም ፀሐይ የመሞቅን ታሪክ መመርመር ይኖርበታል። ታሪኩ ሲመረመርም አንድ ነገር ደጋግሞ ይታያል፦ የፀሐይ እጦት በሽታ ነው፤ ከሚበቃው በላይ መጨመር ግን መድኃኒት አይሆንም። ይህን ልዩነት የዘነጉ ሐኪሞችም ሕዝቦችም በየዘመኑ ተሳስተዋል።

ሪኬትስ በመጀመሪያ ስሙ የገነነው በእንግሊዝ ነው። ፍራንሲስ ግሊሰን የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1650 ስለ በሽታው ሰፊ መጽሐፍ አሳተመ፤ ምክንያቱን ግን አላወቀም። ከዚያ በኋላ በመጡት ሁለት መቶ ዓመታት ፋብሪካ ሲስፋፋ፣ የድንጋይ ከሰል ጭስ ሰማዩን ሲሸፍን፣ የሠራተኛው ቤተሰብ በጠባብ መንደር ሲታጨቅ በሽታው የከተማ ድሆች ልጆች መለያ ሆነ። አንዳንዱ ሐኪም ከምግብ ነው ሲል፣ ሌላው ከዘር ይወረሳል፣ ሌላው ደግሞ ይተላለፋል ይል ነበር። ለእውነቱ የቀረቡት ቦታን ከቦታ ያነጻጸሩ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ፖላንዳዊው ሐኪም የንድሬይ ሽኒያዴትስኪ እ.ኤ.አ. በ1822 የከተማ ልጆች ሲታመሙ የገጠር ልጆች ለምን እንደሚተርፉ ጠየቀና መልሱ ፀሐይና ክፍት አየር ነው አለ። ቴዎባልድ ፓልም የተባለው በጃፓን ያገለገለ ሚሲዮናዊ ሐኪም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1890 በልዩ ልዩ አገሮች ከሚገኙ ሐኪሞች የሰበሰበውን መረጃ ይዞ፣ ከእንግሊዝ ድሃ በሆኑ ነገር ግን ፀሐይ በሞላባቸው አገሮች ሪኬትስ ብርቅ መሆኑን ጽፎ አሳወቀ፤ ሕፃናትን ፀሐይ ማሞቅ እንደሚያስፈልግም መከረ። ሁለቱም አልተደመጡም። በሰሜን ባሕር ዳርቻ ያለው ዓሣ አጥማጅ ሕዝብም ከሐኪሞቹ ቀድሞ የዓሣ ጉበት ዘይት ለልጆቹ ያጠጣ ነበር፤ ለምን እንደሚረዳ የሚያስረዳ ሰው ግን አልነበረም።

ማስረጃው የመጣው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት በተከታተሉ ጥቂት ዓመታት ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 በበርሊን ኩርት ሁልድሺንስኪ ሪኬትስ የያዛቸውን ልጆች በአልትራቫዮሌት መብራት አከመ። የአንድ ልጅ አንድ እጅ ብቻ ጨረር ሲያገኝ የሁለቱም እጆች አጥንት ዳነ፤ ስለዚህ ቆዳ ላይ የተሠራው ነገር በደም ተጉዞ መላ አካልን እንደሚያዳርስ ታወቀ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ ኤድዋርድ ሜላንቢ ፀሐይ በማያገኙ ቡችሎች ላይ ሪኬትስ በምግብ ሊመጣ፣ በዓሣ ጉበት ዘይትም ሊድን እንደሚችል አሳየ። በኒው ዮርክ አልፍሬድ ሄስ በጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር በሽታው እንዴት እንደጸና ተመልክቶ የዓሣ ጉበት ዘይት በማደል ሊከላከለው ሞከረ፤ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1921 ልጆች ፀሐይ በመሞቅ ብቻ እንደሚድኑ ገለጸ። በረሃብ በተጎዳችው ቪየና ሃሪየት ቺክና ጓደኞቿ ዘይቱም ጨረሩም አንድ ዓይነት ፈውስ እንደሚያመጡ በሆስፒታል ሕፃናት ላይ አረጋገጡ። ኤልመር ማኮለም እ.ኤ.አ. በ1922 በዘይቱ ውስጥ ያለው ፈዋሽ ነገር ከቫይታሚን ኤ የተለየ መሆኑን አሳየ፤ በፊደል ተራም «ዲ» ተባለ። አዶልፍ ቪንዳውስ በዚሁ ዙሪያ ባደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1928 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ወተት ላይ ቫይታሚን ዲ መጨመር ስትጀምር የከተማ ልጆችን ለዘመናት ያጎበጠው በሽታ ከጎዳናዎቿ እየጠፋ ሄደ። በሕክምና ታሪክ ይህን ያህል የጠራ ድል ጥቂት ነው።

ነገር ግን ድል ራሱ ያታልላል። እጦትን መሙላት ሕይወት ካዳነ፣ መጨመር ሁሉንም በሽታ ያድናል የሚል ተስፋ አብሮ አደገ። ኒልስ ፊንሰን በቆዳ ቲቢ ላይ በብርሃን ባደረገው ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1903 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ፣ በዚያው ዓመት ኦገስት ሮልዬ በስዊዘርላንድ ተራራ በሌዜን መንደር የፀሐይ ሕክምና ቤት ከፈተ። የቲቢ ሕሙማን በረንዳ ላይ ተደርድረው ለወራት ፀሐይ ሲሞቁ የሚታዩባቸው ሕክምና ቤቶች በአውሮፓና በአሜሪካ ተስፋፉ። አንዳንዱ ተሻለው፤ የሳንባ ነቀርሳን ያሸነፈው ግን እ.ኤ.አ. በ1943 የተገኘው ስትሬፕቶማይሲንና ከዚያ የተከተሉት መድኃኒቶች ናቸው። በብሪታንያ ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለሕፃናት ምግብ የሚጨመረው ቫይታሚን ዲ ከመጠን ስላለፈ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በደማቸው ውስጥ ካልሲየም የበዛባቸው ሕፃናት ታዩ፤ መንግሥትም መጠኑን እንዲቀንስ ተገደደ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ አገሩ ከእጦት ወደ ትርፍ ተሻገረና ሁለቱም እንደሚጎዱ ተማረ።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ ጥያቄው ይለወጣል። እዚህ ሰማዩ አልጠቆረም፤ ፀሐይና ሕፃን እንዳይገናኙ የሚያደርገው ግድግዳና ልብስ ነው። አራስ ቤት መቆየት ለእናትም ለልጅም የክብርና የዕረፍት ጊዜ ነው፤ በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ዘንድ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ ሕፃኑ ብዙ አይወጣም። ከዚያ በኋላም ብርድ እንዳይመታው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት፣ ፀሐይ ምች እንዳያስይዘው በነጠላና በጋቢ ተጠቅልሎ ይታቀፋል። ይህ ሁሉ ከፍቅር የመጣ ጥንቃቄ ነው፤ የሚናቅም አይደለም። በገጠር ጉዳቱን የሚያካክስ ኑሮ ነበረ፤ እናት ልጇን አዝላ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ገበያ ትወጣለች፤ ልጁም ዳዴ ማለት ሲጀምር ደጅ ይውላል። ከተማ ግን ጥንቃቄውን እንዳለ አቆይቶ ማካካሻውን ወሰደ። በተጠጋጉ የቀበሌ ቤቶች፣ ግቢ በሌላቸው ኪራይ ክፍሎች፣ አሁን ደግሞ በኮንዶሚኒየም ፎቆች ላይ የሚያድግ ሕፃን እናቱ ሥራ ስትሄድ ከሞግዚት ጋር ቤት ይውላል። በመስኮት የሚገባ ፀሐይም አይረዳውም፤ ቫይታሚን ዲ የሚሠራው የጨረር ክፍል መስታወት አያልፍምና። የእናት ጡት ወተት ለሕፃን ከሁሉ የሚበልጥ ምግብ ሆኖ ሳለ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ዲ ጥቂት ነው፤ እንጀራውም ወጡም ይህን አያሟላም። በአዳማና አካባቢዋ በተማሪዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ይህንኑ ያጠናክራል፤ እጥረቱ ከከተማ ተማሪዎች በ61.8 በመቶው፣ ከገጠሮቹ ግን በ21.2 በመቶው ታይቷል። ሁሉም ከአንድ ሰማይ በታች ያሉ ልጆች ናቸው፤ የተለያየው ውሏቸው ነው።

ሪኬትስ ሳንባን እንዴት ይጎዳል? ምክንያቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ሐኪሞች በዓይናቸው የሚያዩት ነው። ትንፋሽ ማለት የጎድን አጥንት ደረትን ሲከፍትና ሲዘጋ የሚሆን ሥራ ነው፤ አጥንቱ ሲለሰልስና ጡንቻው ሲደክም ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ልጁ አክታውን በሳል ማስወጣት ያቅተዋል። ስለዚህ ሌላው ልጅ በጉንፋን ብቻ የሚያልፈው ቫይረስ እሱን ሳንባው ውስጥ ገብቶ ይጥለዋል። ሁለተኛው በአጉሊ መነጽር ዓለም የሚካሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ምርምር የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ተህዋሲያን ሲገጥሟቸው ካቴሊሲዲን የሚባል ገዳይ ንጥረ ነገር ለማምረት ቫይታሚን ዲ እንደሚያስፈልጋቸው አሳየ። ቫይታሚኑ ከአጥንት አልፎ የሰውነት መከላከያ ሥራ ውስጥም እጁ እንዳለበት ከዚህ ወዲያ የሚጠራጠር ጥቂት ነው። ጥያቄው ምን ያህል ሲጎድል ነው የሚጎዳው፣ ሲሞላስ ምን ያህል ይመለሳል የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ሊመለሱም ይገባል። አንደኛው እንዲህ ይላል፦ ሪኬትስ የያዘው ልጅ ድሃም ነው፣ በተጨናነቀ ቤት የሚኖርም ነው፤ ሳንባውን የጎዳው ድህነቱ እንጂ ቫይታሚኑ ለምን ይሆናል? የአዲስ አበባ ተመራማሪዎች ይህን አስበውበታል። የቤተሰቡን ብዛት፣ የልጁን የትውልድ ተራ፣ የቤቱን መጨናነቅና ጡት ብቻ የጠባበትን ጊዜ አስልተው ሲያስተካክሉ በሪኬትስና በሳንባ ምች መካከል የነበረው ተዛምዶ ከ22 እጥፍ ወደ 13 እጥፍ ገደማ ወረደ። መውረዱ ድህነት ድርሻ እንዳለው ያሳያል፤ 13 ላይ መቅረቱ ግን ድህነት ብቻውን እንደማይበቃ ይመሰክራል። ሁለተኛው ተቃውሞ ሕመም ራሱ በደም ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ዲ ያወርዳል፤ ስለዚህ ዝቅተኛ ሆኖ የተገኘው የበሽታው ውጤት እንጂ መንስኤው አይደለም የሚል ነው። ይህ በደም ምርመራ ብቻ ለተደገፉ ብዙ ጥናቶች ትክክለኛ ወቀሳ ነው። የጎበጠ እግርና ያበጠ የእጅ አንጓ ግን በጥቂት ቀናት ሳል አይመጣም፤ ከወራት እጦት በኋላ የሚታይ ምልክት ነው። የአዲስ አበባው ማስረጃ ከሌሎቹ የሚጸናው ስለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የመጣው ከካቡል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በ«ላንሴት» የታተመ ሙከራ በዚያች ከተማ 3046 ሕፃናትን አሳትፎ ለግማሾቹ በየሦስት ወሩ 100 ሺህ ዩኒት ቫይታሚን ዲ፣ ለቀሩት የማስመሰያ ጠብታ ለ18 ወራት ሰጠ። በሁለቱ ወገኖች መካከል በሳንባ ምች ብዛት የጎላ ልዩነት አልታየም። በዚያው ከተማ ቀደም ብሎ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ሌላ ሙከራ በሳንባ ምች ለታመሙ 453 ልጆች አንድ ትልቅ መጠን ሲሰጥ ቶሎ አልዳኑም፤ በቀጣዮቹ 90 ቀናት እንደገና የታመሙት ግን ማስመሰያ ካገኙት 58 በመቶ ሲሆኑ ቫይታሚኑን ካገኙት 45 በመቶ ነበሩ። እነዚህን ውጤቶች ማድበስበስ አይገባም። በሦስት ወር አንዴ የሚሰጥ ትልቅ መጠን ቆዳ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ከሚሠራው ጋር እኩል ላይሆን ይችላል፤ በደም ዝቅ ማለትና አጥንት እስኪለሰልስ መጎዳትም አንድ ደረጃ አይደሉም። ይህ ሁሉ ቢታሰብም ካቡል የሚያስተምረው ግልጽ ነው፦ ጠብታ ብቻውን የሳንባ ምችን ከአንድ ከተማ አያጠፋም። ይህ ደግሞ የአዲስ አበባውን ግኝት አያፈርስም፤ አንዱ እጦት ስለሚያመጣው ጉዳት፣ ሌላው ጭማሪ ስለሚሰጠው ጥቅም ይናገራልና።

ይኸው ልዩነት በኮቪድ ዘመን እንደገና ተዘነጋ። አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ጆን ካኔልና ባልደረቦቹ ኢንፍሉዌንዛ በክረምት የሚበረታው በፀሐይ ማነስ ነው የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ 25 ሙከራዎችን ያጠቃለለ ጥናት ቫይታሚን ዲ የመተንፈሻ አካላት ሕመምን በመጠኑ እንደሚቀንስ፣ ይበልጥም የሚረዳው እጥረቱ ለጸናባቸው መሆኑን ገለጸ። ኮቪድ ሲመጣ በጽኑ የታመሙት ቫይታሚናቸው ዝቅ ብሎ ሲገኝ ብዙዎች መድኃኒት የተገኘ መሰላቸው። ሙከራው ሲደረግ ግን ተስፋው አልጸናም። በብራዚል ሆስፒታል ለተኙ ሕሙማን 200 ሺህ ዩኒት በአንድ ጊዜ ሲሰጥ የቆይታ ጊዜያቸው አላጠረም፤ በኖርዌይ ወደ 35 ሺህ የሚጠጉ ጎልማሶች የተሳተፉበት ሙከራም በየቀኑ አምስት ሚሊ ሊትር የዓሣ ጉበት ዘይት መጠጣት ከኮቪድ እንደማይከላከል አሳየ። ከኖርዌዮቹ ተሳታፊዎች አብዛኞቹ አስቀድሞ በቂ ነበራቸው፤ ሙሉ ማሰሮ ላይ ውኃ ቢጨምሩ ይፈሳል እንጂ አይጠቅምም። የ2017ቱ ማጠቃለያም አዳዲስ ሙከራዎች ሲታከሉበት ጥቅሙ እየሳሳ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው እትም በእርግጠኝነት ጥቅም አለው ለማለት የማይቻልበት ደረጃ ደርሷል። የኢትዮጵያም ታሪክ ፀሐይ ብቻዋን ቫይረስን እንደማታስቆም አስቀድሞ ነግሮን ነበር። በ1911 ዓ.ም. የመጣው፣ የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደገደለ ሪቻርድ ፓንክረስት ጽፈዋል። ኅዳር ደግሞ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሰማዩ ጥርት የሚልበት ወር ነው።

ከአገር ርቆ ለሚኖረው ወገናችን ይህ ታሪክ በሌላ በኩል ይነካዋል። ጥቁር ቆዳ ሜላኒን ስላለው ያንኑ ያህል ቫይታሚን ለመሥራት ከነጭ ቆዳ የረዘመ ጊዜ ፀሐይ ይፈልጋል። በስቶክሆልም ወይም በሚኒያፖሊስ የክረምት ወራት ደግሞ ፀሐይ ብትታይም ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ቆዳ ምንም ያህል አይሠራም። ሄስ ከመቶ ዓመት በፊት በኒው ዮርክ ጥቁሮች ሰፈር ያየው ችግር ዛሬ ወደ ሰሜን የተሰደደ ሐበሻ ቤት ሊገባ ይችላል። በብዙ አገሮች ጡት ለሚጠባ ሕፃን በቀን 400 ዩኒት ጠብታ እንዲሰጠው ሐኪሞች የሚያዝዙት ለዚህ ነው። በዚያ ጠብታውን «ልጄ ጤነኛ ነው» ብሎ መተው ስሕተት ነው፤ ከታዘዘው በላይ ማጠጣትም የብሪታንያን የ1950ዎቹ ጥፋት መድገም ይሆናል።

ሪኬትስን ከአውሮፓ ያራቀው የሕክምና ዕውቀት ወደ ቤተሰብ ኑሮ መግባቱ ነው፤ ለእኛም የሚበጀን ይኸው ነው። አራስ ቤቱ ይከበር፤ ሕፃኑ ግን እዚያው ደጃፍ ላይ፣ ነፋስ በማያገኘው ጥግ፣ ልብሱ ተገልጦ ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ይሙቅ። ገና ጎሕ ሲቀድ ያለችው ለስላሳ ፀሐይ ጨረሯ ረጅም አየር አቋርጦ ስለሚመጣ ለቫይታሚን ዲ ብዙም አትጠቅምም፤ የቀትር ፀሐይ ደግሞ ቆዳ ታቃጥላለች፤ ስለዚህ ጠዋት ከፍ ካለች በኋላ ያለው ሰዓት ይሻላል። ምች የሚፈሩትን አያቶች የጤና ባለሙያዎች በንቀት ሳይሆን በአክብሮት ያስረዷቸው፤ የልጁን ፀሐይ የሚወስነው ብዙ ጊዜ የእነሱ ቃል ነውና። ቤት የሚሠሩና ከተማ የሚያቅዱም ግቢና ሰገነት ለሕፃን ጤና ቁም ነገር መሆኑን ይወቁ። ከዚህ ሁሉ ጋር ፀሐይ የክትባት ምትክ እንደማትሆን አይረሳ፤ ኢትዮጵያ የሳንባ ምች ዋነኛ መንስኤ ከሆኑት ባክቴሪያዎች አንዱን የሚከላከል የኒሞኮካል ክትባት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕፃናት ትሰጣለች። ልጅዎን ፀሐይ ያሙቁት፤ ክትባቱን አያስቀሩበት፤ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ደረቱ ከሰረጎደ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።